ለማይዝግ ብረት የሚስማማ ጋዝ፦ ከአርጎን ግኝት እስከ ሂሊየም እጥረት

አርጎንና የማይዝግ ብረት የታወቁት ሃያ ዓመት በማይሞላ ልዩነት ነው፤ ጋዙ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ብረቱ በ1912 እና በ1913። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱ በአንድ የብየዳ ጠረጴዛ ላይ እስኪገናኙ ግን ሌላ ሠላሳ ዓመት ግድም አለፈ። ጋዙ ውድ ነበር፤ ብረቱም በብየዳ ጊዜ ምን እንደሚጎዳው ገና በውል አልታወቀም ነበር።

አርጎንን ያስገኘው የሚዛን ጉዳይ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ የናይትሮጅንን ክብደት ደጋግሞ ሲለካ፣ ከአየር ያወጣው በሊትር 1.257 ግራም፣ ከኬሚካል ውሁዶች የሠራው ደግሞ 1.250 ግራም ሆነበት። ሌላ ሰው የመሣሪያ ስህተት ነው ብሎ ያልፈው ነበር፤ እሱ ግን ነገሩን ከኬሚስቱ ዊልያም ራምዚ ጋር ተከታተለው። ራምዚ ከአየር የተወሰደውን ናይትሮጅን በጋለ ማግኒዥየም ላይ እያመላለሰ ማግኒዥየሙ ናይትሮጅኑን እንዲወስደው አደረገ። በመጨረሻ የቀረው ጋዝ ከምንም ነገር ጋር አልዋሃድ አለ። ከአየር 0.93 በመቶው ይኸው አርጎን ነው። ራምዚ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ቀደም ሲል በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ብቻ ምልክቱ ታይቶ የነበረውን ሂሊየም ከዩራኒየም ማዕድን አወጣ።

አየርን አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግ በጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ እጅ በ1895 የኢንዱስትሪ መልክ ያዘ፤ በ1902 ደግሞ ኦክስጅንን ከፈሳሹ አየር አጣርቶ ማውጣት ተቻለ። አርጎንን መለየት ግን ከባድ ነው። ኦክስጅን ከዜሮ በታች በ183 ዲግሪ፣ አርጎን በ186 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ አንዱን ከሌላው መነጠል በሦስት ዲግሪ ልዩነት ውስጥ መሥራትን ይጠይቃል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት የአርጎን ዋነኛ ገዢ ጥቂት የሚበቃው የአምፖል ፋብሪካ ነበር።

የሂሊየም ዕጣ የተለየ ሆነ። በ1903 በአሜሪካ ካንዛስ ግዛት፣ ዴክስተር በምትባል ትንሽ ከተማ የተቆፈረ ጉድጓድ ብዙ ጋዝ ያስወጣ ጀመር። የከተማው ሕዝብ በዓል አዘጋጅቶ፣ ንግግር ተደርጎ፣ የሚነድ ድርቆሽ ወደ ጋዙ ሲጠጋ እሳቱ ድርግም አለ። በ1905 የካንዛስ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ካዲና ማክፋርላንድ ጋዙን መርምረው በውስጡ 1.8 በመቶ ያህል ሂሊየም አገኙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለአየር መርከቦች ፈለገው። በ1925 የወጣው ሕግ ሂሊየምን የመንግሥት ክምችት አደረገው፤ ከዚያ ወደ ውጭ መላኩ በጥብቅ ተከለከለ። በ1937 የተቃጠለው የጀርመኑ ሂንደንበርግ በሃይድሮጅን ተሞልቶ የበረረውም በዚሁ ክልከላ ምክንያት ነው። ሂሊየም የአሜሪካ ብቻ ሀብት ሆኖ መቆየቱ ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ በያንዳንዱ የብየዳ ቤት የሲሊንደር ምርጫ ላይ ጎልቶ ታየ።

ብረቱን በተመለከተ፣ በጀርመን ኤሰን ከተማ በክሩፕ ፋብሪካ ቤኖ ሽትራውስና ኤድዋርድ ማውረር ክሮሚየምና ኒኬል የተጨመረበትን ብረት በ1912 አስመዘገቡ። በማግሥቱ ዓመት በእንግሊዝ ሼፊልድ ሃሪ ብሬርሊ ቶሎ የማይበላ የጠመንጃ አፈሙዝ ሲፈልግ ክሮሚየም የበዛበትን ብረት አቀለጠ። በ1924 ዊልያም ሃትፊልድ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለውን ዓይነት አወጣ፤ ዛሬ ከወጥ ቤት ማጠቢያ እስከ ቢራ ጋን የሚታየው አብዛኛው የማይዝግ ብረት የዚህ ዘር ነው።

ይህ ብረት የማይዝገው ኦክስጅን ስለማይነካው አይደለም፤ ይልቁንም ቶሎ ስለሚነካው ነው። ክሮሚየሙ 10.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ያለው የማይታይ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ ቢጫርም ራሱን መልሶ ይጠግናል። ብረቱ ሲቀልጥ ግን ያው ኦክስጅን ጠላት ይሆናል። ክሮሚየሙን እያቃጠለ ወፍራምና ጥቁር ቅርፊት ያደርገዋል፤ ከቅርፊቱ ሥር የሚቀረው ብረትም ክሮሚየም ያነሰው፣ ለዝገት የተጋለጠ ይሆናል። ሁለተኛው ጠላት ካርቦን ነው። የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚጋርደው የመከለያ ጋዝ ምርጫ ታሪክ በአብዛኛው ከነዚህ ከሁለቱ ጋር የተደረገ ድርድር ነው።

የመጀመሪያዎቹ በያጆች የነበራቸው ምርጫ ሁለት ነበር። አንዱ የኦክሲ-አሲቲሊን ነበልባል ሲሆን፣ አሲቲሊኑ ትንሽ ከበዛ ካርቦን ወደ ብረቱ ይገባል። ሌላው ስዊድናዊው ኦስካር ሼልበርግ በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ ያስገኘው ባለ ሽፋን ኤሌክትሮድ ነው፤ ሽፋኑ እየነደደ የራሱን ጋዝና ቅርፊት ስለሚፈጥር ሲሊንደር አይፈልግም። ሁለቱም ይበይዱ ነበር። ነገር ግን በ1920ዎቹ አዲስ ችግር ታየ፤ ብየዳው ራሱ ደኅና ሆኖ ሳለ ከጎኑ ያለው ብረት ከወራት በኋላ በአሲድ ተበልቶ ይፈረካከስ ጀመር። በ1933 አሜሪካዊው ኤድጋር ቤይንና ባልደረቦቹ ምክንያቱን በዝርዝር አስረዱ። ብረቱ ከ425 እስከ 850 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ካርቦኑ በብረቱ ቅንጣቶች ድንበር ላይ ከክሮሚየም ጋር ይጣመራል፤ የድንበሩ አካባቢ ክሮሚየም ያጣል፤ ዝገቱ በዚያ ቀጭን መንገድ ሰርጎ ይገባል። መድኃኒቱ ካርቦኑን መቀነስ፣ ወይም ካርቦኑን ቀድመው የሚይዙ ቲታኒየምና ኒዮቢየም መጨመር ሆነ። በ1934 ከዴንቨር እስከ ቺካጎ በአንድ ቀን የሮጠውን ፓዮኒር ዘፊር የተባለ የማይዝግ ብረት ባቡር የሠራው የበድ ኩባንያማ በአርክ (በኤሌክትሪክ ብልጭታ) መበየድን ጭራሽ ሸሸው። ላሜራዎቹን በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ በሚያልፍ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ነጥብ በነጥብ አጣበቀ፤ ካርቦኑ ለመንቀሳቀስ ጊዜ አላገኘም።

አርክን በጋዝ መጋረድ አዲስ ሐሳብ አልነበረም። አሜሪካዊው ቻርለስ ኮፊን ኦክስጅን በሌለበት ጋዝ ውስጥ ስለመበየድ በ1890 አስቦ ነበር። በ1920ዎቹ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ሆባርት በሂሊየም፣ ዴቨርስ በአርጎን ሞክረው በ1930 ፓተንት አገኙ። ሥራው ትክክል ነበር፤ በዚያን ጊዜ የሚገዛው ግን አልነበረም።

ገዢውን ያመጣው ሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ማግኒዥየም ነው። በካሊፎርኒያ የኖርዝሮፕ አውሮፕላን ፋብሪካ አካሉ ከማግኒዥየም የሆነ ተዋጊ አውሮፕላን ለመሥራት ሲነሳ፣ በነበልባልም በኤሌክትሮድም ሊበየድ አልቻለም። ራስል ሜረዲዝ የማይቀልጥ የተንግስተን ዘንግ በቶርች ውስጥ አስገብቶ ዙሪያውን ሂሊየም የሚያፈስ መሣሪያ ሠራ፤ ፓተንቱ በ1942 ተሰጠው። መብቱን የገዛው የጋዝ ሻጩ የሊንደ ኩባንያ ሲሆን፣ «ሄሊአርክ» በሚል ስም ለገበያ አወጣው። ለማግኒዥየም የታሰበው ይህ ዘዴ ለማይዝግ ብረትም እጅግ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ፤ ፍንጣሪ የለውም፣ ቅርፊት አይፈጥርም፣ ቀጭን ላሜራ አይበሳም።

ከጦርነቱ በኋላ ሂሊየም ለአርጎን ቦታውን ለቀቀ። ምክንያቱ ከብየዳ ውጭ ነው። በ1952 በኦስትሪያ ሊንዝ ንጹሕ ኦክስጅን እየነፉ ብረት የማቅለጥ ዘዴ በፋብሪካ ደረጃ ተጀመረና በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። የኦክስጅን ፋብሪካዎች ሲበዙና ሲገዝፉ አርጎን እንደ ተረፈ ምርት በገፍ መውጣት ጀመረ። ሂሊየም ያልነበራት ብሪታንያ ቀድሞውኑ ዘዴውን በአርጎን ስም ትጠራው ነበር፤ የአዲስ አበባ ብረታ ብረት ቤቶችም ዛሬ የአርጎን ብየዳ ይሉታል። አርጎን ከአየር 1.4 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ በቀለጠው ብረት ላይ ይረጋል። ሂሊየም ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ለተመሳሳይ ሽፋን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ጋዝ ይፈጃል። በሌላ በኩል አርጎን በ15.8፣ ሂሊየም በ24.6 ኤሌክትሮን ቮልት ነው ኤሌክትሮኑን የሚለቀው። ሂሊየም ውስጥ አርኩ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይጠይቃል፤ ጋዙም ሙቀትን ከአርጎን በዘጠኝ እጥፍ ያህል ያስተላልፋል። ስለዚህ ሂሊየም ይበልጥ ያሞቃል፣ አርጎን ይበልጥ ይጋርዳል።

በተንግስተን ብየዳ ኦክስጅንም ካርቦን ዳይኦክሳይድም አይገቡም፤ የተንግስተኑን ጫፍ ያቃጥሉታል። የሚገባው ሃይድሮጅን ነው። ከ2 እስከ 5 በመቶ ሃይድሮጅን ወደ አርጎን ሲጨመር አርኩ ይሞቃል፣ ብየዳው ይፈጥናል፣ የብየዳው መስመርም ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሃይድሮጅኑ ኦክስጅንን እየለቀመ ይወስዳልና። ይህ የሚፈቀደው ግን ለ18/8 ዘር ለኦስቴኒቲክ ብረት ብቻ ነው። ማርቴንሲቲክ፣ ፌሪቲክና ዱፕሌክስ በሚባሉት ዓይነቶች ውስጥ ሃይድሮጅን ተደብቆ ቆይቶ ስንጥቅ ያመጣል። ለኦስቴኒቲኩም ቢሆን መጠኑ ሲበዛ በብየዳው ውስጥ ቀዳዳ ይተዋል። ከሁሉም የቅይጥ ስህተቶች አደገኛው ሃይድሮጅንን ለማይስማማው ብረት መጠቀም ነው ማለት ይቻላል፤ ብየዳው በዓይን ሲታይ ያማረ ሆኖ ሳለ ችግሩ ቆይቶ የሚወጣ በመሆኑ።

በ1948 በኦሃዮ የባቴል ተቋም፣ ኤርኮ በተባለ የጋዝ ኩባንያ ድጋፍ፣ ራሱ የሚቀልጥ ሽቦ ያለማቋረጥ የሚገባበት ሚግ ብየዳ ተሠራ። ታስቦ የነበረው ለአሉሚኒየም ነው። በማይዝግ ብረት ላይ በንጹሕ አርጎን ሲሞከር ግን አርኩ ባለበት አልረጋ አለ። በሚግ ብየዳ ሽቦው ፖዘቲቭ፣ የሚበየደው ብረት ኔጋቲቭ ስለሆነ ኤሌክትሮኖቹ የሚነሱት ከብረቱ ላይ፣ በተለይም ኦክሳይድ ካለበት ነጥብ ነው። ንጹሕ አርጎን ውስጥ ያ ነጥብ ወዲያው ይጸዳና አርኩ ሌላ ኦክሳይድ ፍለጋ ወደ ጎን ይዘላል። የቀለጠው ብረትም አይዘረጋም፤ መሐሉ ከፍ ያለ ጠባብ ጀርባ ይሆናል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ የተበላ ጎድጓድ ይቀራል።

መፍትሔው ቀደም ሲል ከተነሳው የኦክስጅን ችግር ጋር ተቃራኒ ይመስላል፤ ጥቂት ኦክስጅን ሆን ብሎ መጨመር። ከ1 እስከ 2 በመቶ ኦክስጅን አርኩ የሚነሳበትን ስስ ኦክሳይድ ሳያቋርጥ ያድሳል፤ የቀለጠውን ብረት ገጽ ውጥረት ስለሚቀንስም ከሽቦው የሚወርደው ጠብታ ደቅቆ፣ እንደ ጉም ሆኖ ይወርዳል። በአርጎን ላይ 1 ወይም 2 በመቶ ኦክስጅን የተጨመረበት ቅይጥ ለብዙ ዓመታት ዋነኛው የማይዝግ ብረት ሚግ ጋዝ ሆነ። ዋጋው የብየዳው መስመር ላይ የሚቀረው ግራጫ ቅርፊት ነው፤ በአሲድ ወይም በብሩሽ መጽዳት አለበት።

በ1953 የሶቪየት መሐንዲሶች ሊዩባቭስኪና ኖቮሺሎቭ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለተራ ብረት ብየዳ አስተዋወቁ። ርካሽነቱ ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሽቦው እየነካ እየለቀቀ የሚቀልጥበት ዘዴ ሲመጣ ቀጭን ላሜራ ሁሉ በዚህ ጋዝ መበየድ ጀመረ። ከአርጎን ጋር 25 በመቶ የተቀየጠው ሲሊንደር በየብየዳ ቤቱ ቆሞ ሲውል ለማይዝግ ብረትም መጠቀሙ የማይቀር ፈተና ነበር። ጋዙ በአርኩ ውስጥ ሲሰበር ግን ካርቦን ይለቃል። ዝቅተኛ ካርቦን ያለው ብረት እስከ 0.03 በመቶ ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለው ቅይጥ ሲበየድ የብየዳው ብረት ከዚያ ወሰን ያልፋል። ቤይን ያስረዳው ዝገት ተመልሶ በር ያገኛል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስቆጨው ያ ዝቅተኛ ካርቦን የተገኘው በአርጎን መሆኑ ነው። በ1954 በዩኒየን ካርባይድ ይሠራ የነበረው ዊልያም ክሪቭስኪ በቀለጠ የክሮሚየም ብረት ውስጥ ኦክስጅንና አርጎን አብሮ ቢነፋ ክሮሚየሙ ሳይቃጠል ካርቦኑ እንደሚወጣ አየ። አርጎኑ የሚፈጠረውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያሳሳዋል፤ ስለዚህ ኦክስጅኑ ከክሮሚየም ይልቅ ካርቦኑን ይመርጣል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዘዴው በኢንዲያና ፎርት ዌይን ወደ ፋብሪካ ገባና ዝቅተኛ ካርቦን ያለው ብረት ዋጋ ወረደ። ሂሊየም ያለበትን የብየዳ ቶርች ሲሸጥ የነበረው ሊንደም የዚያው የዩኒየን ካርባይድ ክፍል ነበር።

ስለዚህ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ወሰን ከ2 እስከ 3 በመቶ ላይ ረጋ፤ አርኩን ለማርጋት ይበቃል፣ ካርቦኑን ግን አያበዛም። ቀሪው ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ዓለምን ለሁለት ከፈለ። ሂሊየም የሞላት አሜሪካ ለቀጭን የማይዝግ ላሜራ 90 በመቶ ሂሊየም፣ 7.5 አርጎንና 2.5 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለውን ባለ ሦስት ቅይጥ መረጠች። ሂሊየሙ ያለቅጥ ቀዝቃዛ የሆነውን አርክ ያሞቀዋል፣ የብየዳው መስመር ይዘረጋል። ሂሊየምን ከውጭ የምትገዛው አውሮፓ 98 በመቶ አርጎንና 2 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ኦክስጅን ላይ ጸናች። ሁለቱም ወገን ለምርጫው የብረት ሳይንስ ምክንያት ያቀርባል፤ ሚዛኑን የደፋው ግን የሲሊንደሩ ዋጋ ነው።

በ1970ዎቹ ለኬሚካል መርከቦችና ለሰሜን ባሕር የነዳጅ መድረኮች ናይትሮጅን የተጨመረበት የዱፕሌክስ ብረት ተስፋፋ። ናይትሮጅኑ ሁለቱን የብረት መዋቅሮች፣ ፌሪትንና ኦስቴናይትን፣ በግማሽ በግማሽ የሚጠብቅ ሲሆን በንጹሕ አርጎን ሲበየድ ከቀለጠው ብረት እየተነነ ይወጣል። ብየዳው ፌሪቱ በዝቶ ይሰባበራል፣ በባሕር ውኃም ይበላል። በአርጎኑ ላይ 2 በመቶ ያህል ናይትሮጅን መጨመር የሚወጣውን ይተካል። ቀድሞ ከተባራሪ አየር ጋር ገባ ተብሎ ሲወቀስ የኖረው ናይትሮጅን በዚህ ብረት ላይ ተፈላጊ ሆነ።

የቧንቧ ውስጥ ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በወተት፣ በቢራና በመድኃኒት ፋብሪካ የሚያልፈው ፈሳሽ የሚነካው የብየዳውን ጀርባ ነው። ከኋላው መከለያ ጋዝ ሳይኖር ከተበየደ ጀርባው እንደ ተቃጠለ ስኳር ጥቁርና ጎርባጣ ሆኖ ይወጣል፤ ባክቴሪያ በየስንጥቁ ይሰፍርበታል። ስለዚህ ቧንቧው ሁለት ጫፉ ተደፍኖ አርጎን ከታች እየገባ አየሩን ወደ ላይ ይገፋል። በጀርመን ከ5 እስከ 10 በመቶ ሃይድሮጅን ያለው ናይትሮጅን ለዚሁ ተለመደ፤ ቲታኒየም ያለበት ብረት ግን ከናይትሮጅኑ ጋር ተዋሕዶ ቢጫ ይለብሳል። በ1999 የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ያሳተመው መመሪያ አሥር የብየዳ ቀለበቶችን በፎቶ አሳየ፤ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል 10 ክፍል ኦክስጅን ካለበት ጥርት ያለ ብረት ጀምሮ እስከ 25,000 ክፍል ድረስ። ቀለሙ ከገለባ ቢጫ ወደ ወርቃማ፣ ወደ ሐምራዊ፣ ወደ ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ወደ ጥቁር ግራጫ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ገዢና በያጅ በቃል ከመከራከር ወደ ቁጥር ማመልከት ተሸጋገሩ። ይኸው የማይሸት አርጎን በጋን ውስጥ ተጠራቅሞ ገብቶ የሚሠራውን ሰው ሳያስጠነቅቅ ሊገድል ስለሚችል የኦክስጅን መለኪያ ለሰውም ያስፈልጋል።

በጋዙ ላይ የተላከከ የሌላ ጥፋትም ነበር። በ1970ዎቹና 80ዎቹ አንድ ዓይነት ብረት፣ በአንድ ዓይነት አርጎንና ማሽን፣ አንዴ ጠልቆ ሌላ ጊዜ ከላይ ብቻ ይበየድ ነበር። በ1982 ሃይፕልና ሮፐር በብረቱ ውስጥ ያለው ጥቂት የሰልፈር መጠን የቀለጠውን ብረት ፍሰት አቅጣጫ እንደሚለውጥ አስረዱ። ሰልፈር ሲኖር ፍሰቱ ወደ መሐል ገብቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲጠፋ ወደ ጎን ይዘረጋል። ኦክስጅንና አርጎን አብሮ የሚነፋበት የአዲሱ ዘዴ አቅላጮች ሰልፈሩን ከመጠን በላይ አጥርተውት ነበር።

የጋዞቹን ብዛት መልክ ያስያዘው የአውሮፓው መለኪያ ኢኤን 439 ሲሆን፣ በ2008 በዓለም አቀፉ አይኤስኦ 14175 ተተካ። ንጹሕ አርጎን አይ1፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ኦክስጅን በጥቂቱ የያዙት ኤም1፣ ሃይድሮጅን ያለባቸው አር፣ ናይትሮጅን ያለባቸው ኤን በሚል ተመደቡ። የየኩባንያው የንግድ ስም ለገዢው ብዙም አይነግረውም፤ በሲሊንደሩ ላይ ያለው ይህ ምልክት ግን ሁሉን ይናገራል።

በዚያው ሰሞን ሂሊየም መጥፋት ጀመረ። በ1996 የወጣ ሕግ በቴክሳስ አማሪሎ አቅራቢያ ያለው የአሜሪካ መንግሥት ክምችት እንዲሸጥ አዘዘ፤ ከ2006 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ እጥረት ታየ። ዋና አቅራቢ የሆነችው ኳታር በ2017 በጎረቤቶቿ ስትከበብ ፋብሪካዎቿ ለጥቂት ጊዜ ቆሙ። ተስፋ የተጣለበት የሩሲያው አሙር ፋብሪካ በ2021 መጨረሻና በ2022 መጀመሪያ በእሳትና በፍንዳታ ተመታ። የአማሪሎው ክምችት ራሱ በ2024 ለሜሰር ኩባንያ ተላለፈ። የሆስፒታል መግነጢሳዊ ምርመራ ማሽኖችና የቺፕ ፋብሪካዎች ቀድመው ሲወስዱት ለበያጆች የደረሰው ከውድ ዋጋ ጋር ነው።

ለዚህ ጊዜ የሚሆን መልስ በእንግሊዝ በ1960ዎቹ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር። የብሪታንያ የብየዳ ምርምር ማኅበር ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ከፍ ዝቅ እያደረጉ በያንዳንዱ ምት አንድ ጠብታ የሚያወርድ ዘዴ አወጣ። ማሽኑ ገዝፎና ተወዶ ስለነበር ያደገው ከ1980ዎቹ ወዲህ በኢንቨርተር ማሽኖች ነው። የሙቀቱን ሥራ ኤሌክትሪኩ ሲወስደው ጋዙ 98 በመቶ አርጎን ቢሆን በቂ ሆነ፤ ብዙ የአሜሪካ ፋብሪካዎችም ባለ ሦስቱን ቅይጥ ትተው ወደ አውሮፓው ምርጫ ተዛወሩ። ዛሬ ሂሊየሙ የሚገዛው ነገሩ ግድ በሚልበት ቦታ ነው፤ በወፍራም የዱፕሌክስ ሳህን ላይ፣ በፍጥነት በሚሮጥ አውቶማቲክ መስመር ላይና በቀድሞ ዓይነት ማሽን በሚበየድ ቀጭን ቧንቧ ላይ።